መጽሐፍ ገልብጣ ስለያዘችው ተማሪ

ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ላሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የበላይ ተመልካች ለሆኑት ለክቡር ሲኞር ዲሬቶሬ፤

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? የደጋችን ብርድ ለእንግዳ አይመችም ይባላልና ጉልበትዎን፣ ደረትዎን፣ ከሁሉም በላይ ለንባብ የሚያገለግሉትን ሁለቱን ዓይኖችዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። የእኔን ዓይኖች ገና በሰባት ዓመቴ ፈንጣጣ ወስዷቸዋል። የቀረልኝ ጆሮ ነው፤ እሱ ግን ይመስገነው ደኅና ነው፤ እንዲያውም ለክቡርነትዎ ከሚመችዎት ልክ ትንሽ አለፍ ሳይል አይቀርም።

ምናልባት ከሥራዎ ብዛት የተነሣ ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ከአምበር መንገድ ዳር ባለችው አጥቢያችን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሥር ሠላሳ አንድ ዓመት ፊደል ያስቆጠርኩትና ንባብ ያስተማርኩት ወልደ ሰንበት ነኝ። ዘንድሮ በጥቅምት ወር ጉባኤዬን በትእዛዝ አስዘግተው፣ አርባ አንዱንም ልጆች በራሴ አፍ መርቄ ወደ አዲሱ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳስረክብዎት ያደረጉኝ ሽማግሌ ማለት ነው። እንዳላዝን ብለው ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ የምትመታው የድንጋይ መቀመጫ ሰጥተውኝ ነበር። ወላጆች እኔ እዚያ ተቀምጬ ሲያዩ ልጆቻቸውን ሳይፈሩ እንደሚልኩ ማን እንደ ነገረዎት አላውቅም፤ ማንም ይሁን ማን እኛን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህን ለመጻፍ የደፈርኩት ክቡርነትዎ በሰኔ ሃያ ዘጠኝ ቀን በገበያው ዋርካ ላይ ያስቸነከሩትን ማስታወቂያ ከሰማሁ በኋላ ነው። ማስታወቂያው መንግሥት ትምህርት ቤት ሠርቶ፣ ደብተርና እርሳስ አድሎ፣ ከረሜላ እንኳ ሳይነፍግ፣ የተማሪዎቹ ውጤት ግን ከወር ወር እየወረደ መሄዱን በታላቅ ኀዘን ይገልጻል። በጥቅምት ከአርባ አንዱ ሠላሳ ሦስቱ ጥሩ ውጤት ነበራቸው፣ በሰኔ ግን አምስት ብቻ ቀሩ ይላል። ከዚያም የዚህን ውድቀት ምክንያት የሚያውቅ ሁሉ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያዛል። በመጨረሻም ከሁሉ የደከሙት ተማሪዎች፣ በተለይም በስም የተጠቀሰችው የብርጓል ደምለው፣ ከቤታቸው ክፉ ምክር ርቀው እንዲታነጹ ከሐምሌ አሥራ አምስት ቀን ጀምሮ ከምሽጉ አጠገብ ባለው አዳሪ ቤት እንደሚገቡ ያበሥራል።

እንግዲህ የሚያውቅ ይጻፍ ብለዋልና የማውቀውን ጥቂቱን፣ የምጠረጥረውን ደግሞ አብዛኛውን በየተራው አቀርባለሁ። ጠርጣራ ሆኜ አልተወለድኩም። ከመስኮትዎ ሥር ዘጠኝ ወር ተቀምጬ የተማርኩት ነው፤ በዚያ ትምህርት ቤት ውጤቱ ያልወረደ ተማሪ ቢፈለግ እኔን ያገኛሉ።

አንደኛ። የብርጓልን በተመለከተ።

ይህች ልጅ ወደ እኔ ስትመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ሴት ልጅ በደጀ ሰላም ምን ልትሠራ ነው ያሉ ነበሩ። አባቷ ደምለው ግን እርሻውን እያቋረጠ እጇን ይዞ ያመጣት ነበር፤ እኔም ድምፅዋን አንድ ጊዜ ከሰማሁ በኋላ የማንንም አስተያየት አልጠየቅሁም። በእኔ ጉባኤ የነበረው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። አጎዛ ላይ ዘርግተነው ስድስት ሰባት ልጅ ዙሪያውን ከቦ ይቀመጣል። በፊት ለፊት ያለው በቀናው ያነባል፤ በጎን ያለው በጎኑ ያነባል፤ ማዶ የተቀመጠው ደግሞ ተገልብጦ ያነባል። ልጅ ቦታውን ለጓደኛው አይለቅምና ማዶ የደረሰው ፊደልን የሚያውቀው እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች ሆኖ ነው። የብርጓል መጨረሻ ስለመጣች የደረሳት ማዶው ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ታላላቆቿን ሁሉ አልፋ ሄደች፤ ንባቧ እንደ ውኃ የጠራ ነበር፤ ማረሚያ ዱላዬን ለእሷ መሬት የመታሁባቸው ቀናት ከአሥር አይበልጡም።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ቀን የታተመ መጽሐፍ ሲሰጧት እንደለመደችው ገልብጣ ያዘችው። አፏን ሳትከፍት ክቡርነትዎ ሳቁ። ሳቅዎን ሰምቼዋለሁ፤ ከልብ የሆነ፣ ሰውን ሁሉ የሚያስከትል ሳቅ ነው። ወዲያው ይህች መጽሐፍ መያዝ እንኳ አታውቅም ተብሎ ዜሮ እንዲጻፍባት አዘዙ። እኔም ከውጭ ሆኜ፣ እባክዎ አስነብበው ይዩዋት ብዬ ጮኼ ነበር። አስተማሪው አስማማው፣ አስተርጓሚዎም እሱ ነውና፣ ሽማግሌው ጸሎት እያደረሰ ነው ብሎ እንደ ተረጎመልዎት በኋላ ራሱ ለልጆቹ ሲነግራቸው ሰምቻለሁ። ለጸሎቴ ስላሳዩት አክብሮት እስከ ዛሬ ሳላመሰግንዎ በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ። ስለ አስተማሪው እርሳስ።

ዓይን የሌለው ሰው ጊዜውን የሚያሳልፈው ድምፅ በመለየት ነው። እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ እንደ አይጥ ይቧጭራል፤ ከመስኮት ሥር ለተቀመጠ ሰው በደንብ ይሰማል። አንድ ልጅ ፊደል ሲስት አስተማሪ ምልክት ማድረግ አለበት ብዬ ጠበቅሁ፤ እርሳሱ ግን ዝም አለ። ልጁ በትክክል ሲያነብም ዝም አለ። አንድ ልጅ አባቴ ትናንት ቤት አላደረም ሲል ግን እርሳሱ ተነሥቶ ረጅም መንገድ ሄደ። በመጀመሪያ አጋጣሚ ነው አልኩ። በኅዳር፣ በታኅሣሥ፣ በጥር ሰማሁት፤ አጋጣሚ ነው ማለቱን ተውኩት። የሂሳብ ጥያቄዎቹ ራሳቸው በየሰኞው ከደብረ ማርቆስ በታሸገ ፖስታ በበቅሎ ይመጣሉ። ሁለትና ሁለት አራት መሆኑ ምሥጢር ሆኖ መታሸግ ያለበት ለምን እንደሆነ እኔ ያልተማርኩት ሰው ልረዳው አልቻልኩም።

ሦስተኛ። ስለ ጎታው ድምር።

በሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን የታሸገው ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ ጎታ ውስጥ ያለውን ሁሉ ቆጥሮ ይደምር የሚል ነበር። ልጆቹ ተራ በተራ ቆጠሩ። አንዱ ባቄላ፣ አንዱ ስንዴ አለ። የብርጓል ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ፣ በዚያ በጠራ ድምፅዋ፣ ጤፍ አራት ቁና፣ ገብስ ሰባት ቁና፣ ከገብሱ ሥር አንድ ውጅግራ ጠመንጃ፣ ድምሩ አሥራ ሁለት ብላ መለሰች። ልክ ናት፤ አሥራ ሁለት ነው። አስማማው ጎበዝ አላት፤ ከረሜላም ሰጣት። በዚያ ቤት ልጅ ጎበዝ ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወታደሮች ወደ ደምለው ቤት መጡ። ደምለው ሦስት ጎታ ነበረው፤ የሰበሩት አንዱን ብቻ ነው። መደቡን አልቆፈሩም፣ ጣሪያውን አልነኩም፣ በረቱን አላዩም። ውጅግራውንም ደምለውንም ይዘው ወደ ደብረ ማርቆስ ምሽግ ሄዱ። ሚስቱ ዘሪቱ ሰባት ቅዳሜ ስንቅ አመላለሰች። በስምንተኛው ቅዳሜ ዘበኛው ስንቁን አልቀበልም ብሎ የባሏን ጋቢ አጣጥፎ ሰጣት። ታጥቦ ነበር ትላለች። የእስረኛን ጋቢ የሚያጥብ እስር ቤት በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅምና ከላዩ ምን እንዳጠቡ ብጠረጥር አይፍረዱብኝ። አስከሬኑን ጠየቀች፤ ምንም የሚያውቅ ሰው የለም ተባለች። ብዙ በሚጠይቅ መንግሥት ቤት ምንም የሚያውቅ ሰው መጥፋቱ ይገርማል።

የብርጓል፣ አባቷ ከተወሰደበት ዕለት ጀምሮ፣ አልተናገረችም። እናቷ ስታነጋግራት ራሷን እንደምትነቀንቅ፣ ስትላክ እንደምትሄድ፣ ስትጠራ እንደምትመጣ ይነግሩኛል። ለእነሱ ልጅቱ አለች፤ ያዩዋታል። ለእኔ ግን ዝም ያለ ሰው የለም ማለት ነው። ከጉባኤዬ የምለያትና የማውቃት በድምፅዋ ነበር፤ አሁን ከፊቴ ቁማ እንኳ የት እንዳለች አላውቅም። ይህን ስናገር ያመኛል፤ ሕመሜን ደብቄ በጨዋ ቃል ልሸፍነው ሞክሬ አልሆነልኝም።

አራተኛ። ውለታዎን እንዳልረሳ።

ማስታወቂያው ውጤት ሁሉ ወረደ ማለቱ በእውነቱ ክቡርነትዎን ራስዎን መበደል ነው። ልጆቹ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው በግድግዳው ላይ ለተሰቀለው ለመሪዎ ሥዕል ሰላምታ በመስጠት በኩል የሚያህላቸው የለም፤ ሕፃናቱ ከቤታቸው ዶሮ ፊት እንኳ እያነሡ እናቶቻቸውን ያስደነግጣሉ። አንድም ቃሉን የማያውቁትን መዝሙር ከጥግ እስከ ጥግ ይዘምሩታል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ከሚሰጣቸው ስምንት ትምህርቶች ሁለቱ ተሳክተዋል፤ ይህንም እንደ ትንሽ አይቁጠሩት።

አምስተኛ። ጥፋተኛውን ስለ ማሳወቅ።

ማስታወቂያዎ ጥፋቱን በወላጆች ክፉ ምክር ላይ ያሳብባል። የለም፤ ክፉ ምክር የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ስሜን ይጻፉ። በእኛ ወግ ተማሪ ለየኔታው አይደብቅም። ጠዋት ንባብ ሳይጀመር ልጁ ቀርቦ በቤቱ ያደረውን ይናገራል፦ እናቴ ታማለች፣ አባቴና አጎቴ በድንበር ተጣልተዋል፣ ትናንት እራት አልበላንም። የኔታው ይህን ሰምቶ የታመመውን ይጠይቃል፣ የተጣላውን ያስታርቃል፣ ያልበላውን ልጅ ከሌላው ቆሎ ያካፍላል። ለየኔታ መዋሸት ለንስሓ አባት እንደ መዋሸት ነው፤ ለሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ እያልኩ አሳድጌያቸዋለሁ።

በጥቅምት ወር አርባ አንዱን ልጆች በደጃፍዎ አሰልፌ፣ ይህ አዲሱ የኔታችሁ ነው፣ ከእኔ እንደማትደብቁ ከእሱም አትደብቁ አልኳቸው። አንድም ልጅ ቃሌን አላፈረሰም። የብርጓል በዚያ ቀን ስለ ውጅግራው የተናገረችው አእምሮ ጎድሏት አይደለም፣ አባቷን ጠልታም አይደለም፣ ለከረሜላም አይደለም። የኔታዋ አትደብቂ ብሏት ነው። ደምለውን ያስያዘ አፍ ካለ የእኔ አፍ ነው፤ የእሷ አይደለም። ይህን ቃል በደንብ አጉልቶ እንዲጻፍ አዝዣለሁ፤ ጸሐፊዬም ሁለት ጊዜ እንድትጽፈው አድርጌያለሁ። ደምለውን ያስያዘ አፍ የእኔ አፍ ነው፤ የእሷ አይደለም።

ስድስተኛ። ስለ መዝገቡ፤ የውጤቱ መውረድ ምክንያትም እዚሁ ላይ ነው።

የብርጓል ዝም ባለች ጊዜ አስማማው ቀጣት። በሰኔ ወር መጀመሪያ ሦስት ቀን ሙሉ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ አቆማት። እሱ በዚህ በኩል ተቀምጦ መዝገቡን ገልጦ ይጽፋል። አልሸፈነውም። ለምን ይሸፍናል? መጽሐፍ መያዝ እንኳ የማታውቅ ተብላ በክቡርነትዎ ትእዛዝ ዜሮ ተጽፎባታል። እናንተ የጻፋችሁትን እናንተው አመናችሁ። እሷ ግን የቆመችው በለመደችው ቦታ፣ ማዶ ነበር። ሦስት ቀን ቆመች፤ ሦስት ቀን አነበበች። በቃል መያዝ ደግሞ ከእኔ ዘንድ የተማረችው ነው።

በአራተኛው ቀን የሆነ ሰው ደብተር በእጄ ላይ አኖረ። ማን እንደሆነ አልተናገረም፤ ስለዚህ አወቅኋት። የቢተው ልጅ ድረስን ጠርቼ እንዲያነብልኝ አደረግሁ፤ በቃሏ ይዛ የገለበጠችው መዝገቡ ነበር። አርባ አንዱም ተማሪ በስሙ ተጽፏል፣ ከስሙ ትይዩም የተመዘገበለት አለ። ድረስ መጀመሪያ ያነበበው የራሱን ነው፦ አባቱ ቢተው ማክሰኞና ዓርብ ቤቱ አያድርም፣ በቅሎዋ ጠዋት ጭቃ ይዛ ትገኛለች። ልጁ ውኃ ጠጥቶ ቀጠለ። ፊደል ለመቁጠር ብቻ ወደ እኔ ይመጣ የነበረው የነጋዴው የበሽር ልጅ ሐምዱ፦ አባቱ በዚህ ወር ሁለት ጭነት ጨው አስገብቶ ለገበያ ያወጣው አንዱን ነው። የሌላዋ ልጅ እናት፦ ቤተሰቧ ሦስት ነው፣ የምታስፈጨው ለአሥር ነው። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ንባብ የሚል ዓምድ በመዝገቡ ዳር ላይ አለ፤ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። የአንድም ልጅ ንባብ በዘጠኝ ወር ውስጥ አልተለካም።

እንግዲያው በጥቅምት ሠላሳ ሦስት፣ በሰኔ አምስት የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ይህን ብዙ ቀን አሰብኩበት። በጥቅምት ስለ ቤታቸው የሚናገሩት ልጆች ሠላሳ ሦስት ነበሩ። ደምለው ከተያዘ በኋላ ልጆቹ ፈሩ። መዝገቡ ከተነበበ በኋላ ደግሞ እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን፣ ምንም ብትጠየቁ አላውቅም በሉ ብለው አስጠኗቸው። ወረደ ያሉት ውጤት ይኸው ነው፤ ልጆቹ ማንበብ አላቆሙም፣ መናገር አቆሙ። አምስት የቀሩት ገና ከእናታቸው ጀርባ የወረዱ ሕፃናት ስለሆኑ ነው፤ እነሱም በዚህ ሳምንት ጥናታቸውን ጨርሰዋል። ምክንያቱን ማወቅ ስለፈለጉ አሳወቅሁዎት፤ ከእንግዲህ በምክንያቱ እንዳይቸገሩ።

በመዝገቡ ውስጥ ስለተጻፉት አባቶች ግን አንድ እርማት ያስፈልጋል። ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ቤታቸው የማያድሩ የነበሩት አሁን ሰባቱንም ቀን አያድሩም። ጨውም፣ ዱቄትም፣ በቅሎም ከነሱ ጋር ነው። መዝገቡ ስሕተት እንዳይኖርበት ብዬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አእምሮዬን ይከነክነዋል። የብርጓል የገለበጠችው ጽሑፍ አንድም የተደናገረ ፊደል አልነበረበትም። ድረስ እንደ ነገረኝ አስማማው የሚጽፈው ጉልህ፣ የተራራቀ፣ ለልጅ የሚመች ፊደል ነው ብላ በዳር ጽፋለች። ሰው ለራሱ መዝገብ እንዲህ አጥርቶ የሚጽፈው ለምንድን ነው? ሦስት ቀን በዚያው ቦታ ያቆማትስ ለምንድን ነው? ቅጣት ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። እኔ ምንም አላልኩም። ክቡርነትዎም እንደ እኔ ቁጭ ብለው ይጠርጥሩ።

ሰባተኛ። ስለ አዳሪ ቤቱ።

ከምሽጉ አጠገብ ለልጆቻችን ያዘጋጁልን ማደሪያ በአባቷ የመጨረሻ ማደሪያ አጠገብ መሆኑ የብርጓል ከአባቷ እንዳትርቅ በማሰብ የተደረገ ቸርነት እንደሆነ ተረድቻለሁ። እናቷ ዘሪቱም ተረድታዋለች። ስለዚህ ግብዣውን ሳንቀበል በመቅረታችን እጅግ እናዝናለን። ይህ ደብዳቤ በማስታወቂያዎ ላይ ተደርቦ ሲቸነከር ዘሪቱም፣ ልጇም፣ እኔም በአጥቢያችን የለንም። በየት በኩል እንደ ሄድን የሚጠይቁት ልጅ ቢያገኙ መልሱን ያውቁታል፤ አላውቅም ይልዎታል።

በመጨረሻም ስለ ደብተሮቹ ላመስግን። መንግሥት ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ደብተር ማደሉ ታላቅ ነገር ነው፤ በእኔ ጉባኤ አርባ አንድ ልጅ በአንድ ብራና ነበርና። በዘጠኝ ወር የተጻፈባቸው ገጽ ከሦስት አይበልጥም፤ የቀረው ንጹሕ ነው። ይህን ደብዳቤና ግልባጮቹን የጻፍነው በእነዚያው ገጾች ላይ ነው። አንዱ በገበያው ዋርካ፣ አንዱ በደብረ ኤልያስ መንገድ፣ ሌሎቹም ሰው በሚበዛበት ቦታ ሁሉ ስለሚገኙ፣ ይኼኛው ቢቀደድ ክቡርነትዎ ደብዳቤ አጣሁ ብለው እንዳያዝኑ። የመንግሥት ንብረት ያለ ሥራ አልቀረም።

ጤናዎ ይጽና፤ ወንበርዎ ይመችዎ፤ አገርዎ ቶሎ ይናፍቅዎ፤ መንገዱም ይቅናልዎ።

በክቡርነትዎ ትእዛዝ ከጉባኤው የተነሣ፣ በክቡርነትዎ ቸርነት ከመስኮት ሥር የተቀመጠ፣ በክቡርነትዎ ትምህርት ቤት ጥርጣሬን ያጠና፣

የንባብ መምህር ወልደ ሰንበት

ማስታወሻ፦ ዓይነ ስውር ሰው ደብዳቤ በማን እጅ እንደጻፈ መርማሪዎችዎ መጠየቃቸው አይቀርምና ላሳርፋቸው። የጻፈችው የብርጓል ደምለው ናት፤ በመዝገብዎ ዜሮ ያላት፣ ማስታወቂያዎ ከሁሉ የደከመች ያላት። እኔ ተናገርኩ፣ እሷ ጻፈች። እውነቱን ለመናገር አምስተኛውን ቁጥር የተናገርኩት ለእርስዎ አይደለም። አጠገቤ ተቀምጣ ለምትጽፈው ልጅ ነው፤ ብነግራት አትመልስልኝም፣ እንድትጽፈው ባዝዛት ግን መስማቷ አይቀርም ብዬ ነው። እዚያ ቃል ላይ ስትደርስ መቃዋ ቆመ። ከዚያ ጻፈች፤ ሁለት ጊዜ በይ ስላት ሁለት ጊዜ ጻፈች።

ሁሉም ሲያልቅ፣ በጉባኤያችን ወግ መሠረት፣ የጻፍሽውን አንብቢልኝ አልኳት። እኔም ዱላዬን ይዤ ጠበቅሁ። ከዚያ ወረቀቱን ስታዞረው ሰማሁ፤ ገልብጣ ያዘችው መሰለኝ። ከ«ለክቡር» ጀምራ እስከ ስሜ ድረስ አነበበችው። ዱላዬን መሬት የመታሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም አምስተኛው ላይ፣ «የእሷ አይደለም» የሚለውን ዝቅ ባለ ድምፅ ስላነበበችው ነው። ከፍ አድርጋ ደገመችው።